ደም መጣጭ በፎቶ አይወጣም

ከሚሴ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሞልቷል። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነኝ ባይ ነው። አልበም አሳምሮ የሚሠራ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሷም ከውሰር ናት። ይህን የምለው አንድ ክፍል አብረን ስለተከራየን አይደለም። እንዲያውም አብሮ መሥራት ሰውን ለማማት ነው የሚመቸው።

እኔ ኢርፋን እባላለሁ፤ ስልክ እጠግናለሁ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ እኔ በግራ በኩል ከመበየጃዬና ከብሎን መፍቻዎቼ ጋር፣ እሷ በቀኝ በኩል ከኮምፒውተሯና ከማተሚያዋ ጋር ስድስት ዓመት ተቀምጠናል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሦስቴ ተኳርፈናል። ሦስቱንም ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን አምኛለሁ።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው የሠርጉን፣ የልጁን አቂቃ ድግስ፣ የምርቃቱን ፎቶ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያመጣላታል። እሷ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ትዘረጋና ከሥራቸው የወረቀት መልክ ያለው ጀርባ ታነጥፍላቸዋለች። ጥጉ ላይ አበባ፣ ዳሩ ላይ ጥልፍ፣ መሐሉ ላይ ጽሑፍ እየለጣጠፈች ገጽ ታወጣለች። ታትሞ ሲያዩት፣ ጣት ካላሳረፉበት በቀር፣ አበባው እውነት የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ጌጦቹን በጥቅል በጥቅል ከኢንተርኔት ታወርዳቸዋለች፤ «ኪት» ነው የምትላቸው። ኔት በተሻለው ቀን ሁለት ሦስት ኪት ታወርድና እንደ ክረምት ቅቤ ታስቀምጣቸዋለች።

ሁለት ሕግ አላት። አንደኛው፣ የሕፃን ፎቶ ከላዩ «ማሻአላህ» ሳይጻፍበት ከእጇ አይወጣም። ዓይን እንዳይበላው እናቶቹ ራሳቸው ይጠይቋታል፤ ባይጠይቁም ትጽፋለች። ሁለተኛው፣ የሰው ፊት አታነጣም። ሙሽሮች አንጪኝ እያሉ ሲለምኗት፣ «አላህ ሲሠራሽ ቀለም አልጎደለበትም» ትላለች፤ አለቀ።

ሰው ማጥፋት ግን ታጠፋለች። የተፈታ ባል፣ የተጣላ ሚዜ፣ ሳይጠራ የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም በእጇ አልፏል። ከአጠገቡ ያለውን አጥር ትቀዳና በሰውየው ላይ ትለጥፈዋለች፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰውየው አጥር ይሆናል። አንድ ነጋዴ ወንድሙን በተጣላ ቁጥር ሲያስጠፋው፣ በታረቀ ቁጥር ሲያስመልሰው፣ በመጨረሻ ከውሰር ሁለቱንም ፎቶ አትማ ሰጠችውና እንደ ቀኑ ሁኔታ እየቀያየረ እንዲሰቅል መከረችው።

የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ ወደ ጨፋ ረግረግ በሚዘረጋበት ዳር ባለች መንደር ነው። እናቷ እማማ ረቢአ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ድስቱንም፣ ማሰሮውንም፣ ጋኑንም ይሠሩና እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ እያዞሩ ይሸጣሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ቡዳ ይባላል። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ደም መጣጭ ነው ይሉታል። ድስቱን የማይፈልግ ቤት የለም፤ ድስቱን የሠራችው ሴት ምሳ ላይ ብትደርስ ግን ሳህኑ በፍጥነት ይከደናል።

ከውሰር ትምህርት ቤት ስትገባ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሦስተኛ ክፍል እያለች አንዲት የክፍሏ ልጅ ሆዷን ታመመች፤ ሦስት ልጆች ከውሰርን ይዘው የቀሚሷን ጫፍ በምላጭ ቆረጡባት። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ከቡዳው ልብስ ቁራጭ ተጨሶ ሲታጠን ነው ይባላላ። ልጅቷ በማግስቱ ተሻላት፤ ጥሬ ዘይቱን በልታ ነበር የታመመችው። እማማ ረቢአ የተቆረጠውን ቀሚስ በአረንጓዴ እራፊ ጣፉት፤ ከውሰርም እስከ ስምንተኛ ክፍል ለበሰችው።

ያቺን እራፊ ዛሬም አልጣለቻትም። ኮምፒውተር ተምራ ከደሴ ስትመለስ መጀመሪያ ስካን ያደረገችው እሷን ነው። ክሯ የተተረተረ፣ ስፌቷ ትልልቅ፣ ጥሩ ጌጥ ወጣት። የሙሽሮችን ስም የምትጽፈው በእሷ ላይ ነው። ከከሚሴ ሙሽሮች ግማሾቹ ስማቸው በዚያች እራፊ ላይ ተጽፎ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ አያውቁም እንጂ። ይህን ስትነግረኝ እስክታነባ ድረስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

እኔ ግን ከነዚያ ልጆች የተሻልኩ አልነበርኩም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምሳዬን የምበላው ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ነበር። አንድ ቀን፣ «ኢርፋን፣ በዓይኔ የምበላ ብሆን ጀርባህን በልቼ እስካሁን አጎብጥህ ነበር» አለችኝ። አፈርኩ። ያፈርኩት ስለነገረችኝ ነው፤ ባትነግረኝ እንደዚያው እቀጥል ነበር፤ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ለፊቷ ነው የምበላው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሁዳ መጣች። ሁዳ የእትዬ ዘምዘም ትንሿ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ትማራለች፤ ስልኳ በየሳምንቱ ስለሚሰበር የእኔ ቋሚ ደንበኛ ናት። በዚያ ቀን ግን እኔን አልፋ ወደ ከውሰር ሄደች። ከጓደኞቿ ጋር የተነሳቻቸውን ፎቶዎች አልበም ማሠራት ፈልጋለች፤ አበባና ልብ ግን ሰልችቷታል። በቫምፓየር መልክ ይሁንልኝ አለች። ኪቱን ራሷ በፍላሽ ይዛ መጥታለች። ከውሰር ስትከፍተው ጥቁር ዳንቴል፣ የተቀደደ ቀይ ከፋይ፣ የሌሊት ወፍ፣ የደም ጠብታ፣ የዛገ ቁልፍ፣ ከመሐሉ ማንም የማይታይበት ትልቅ መስተዋት ወጣ።

«ቫምፓየር ደግሞ ምንድነው?» አልኩ ከወዲያ ማዶ።

«ደም መጣጭ ነዋ» አለች ሁዳ። «የፈረንጅ ነው። የሞተ ሰው ከመቃብሩ እየተነሳ የሰው ደም ይመጥጣል። ፀሐይ ያቃጥለዋል። ካልጋበዙት ቤት አይገባም። ነጭ ሽንኩርት ይፈራል።»

«ነጭ ሽንኩርትማ የእኛም ይፈራል» አልኩ ሳላስበው። ልጆች ሆነን ስንታመም እናቶቻችን ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አፍንጫችን ሥር ያደርጉልን ነበር፣ ቡዳው እንዲለቅ።

ሁዳ ሳቀች፤ ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ትዝ አላትና ሳቋን ዋጠችው። እኔም ብሎን መፈለግ ጀመርኩ። ከውሰር ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ቀጥይ፤ ሌላስ?» አለች።

«ሌላ… በመስተዋት አይታይም። ፎቶ ቢያነሱትም አይወጣም። መስተዋቱ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።»

«ፎቶ አይወጣም?»

«አይወጣም። ነፍስ የለውማ።»

«ቤቱስ የት ነው?»

«ግንብ አለው። መስፍን ነው፤ አሽከሮችም አሉት።»

ከውሰር ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ሰማህ ኢርፋን? ፈረንጅ እንኳ ገብቶታል። ደም የሚመጠው ባለ ግንቡ ነው። የእኛ አገር ደም መጣጭ ግን ሁልጊዜ ድስት የምትሠራ ደሃ ናት። ባለ መሬቱን፣ ባለ መኪናውን ቡዳ ነው ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማሁም። ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እንኳ ደፍሬ የምደግመው አይመስለኝም።

የሁዳን አልበም በሁለት ቀን ሠርታ ሰጠቻት። ልጆቹ ባዶውን መስተዋት ከበው፣ የሌሊት ወፎቹ በላያቸው እየበረሩ፣ ጥሩ ሆኖ ነበር። ኪቱ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሁዳ ታላቅ እህት ሱዓድ ተዳረች። ፎቶውንም ያነሳችው፣ አልበሙንም የያዘችው ከውሰር ናት። ለድግሱ የታዘዙትን ድስቶች ያመጡት ደግሞ እማማ ረቢአ ነበሩ። እሳቸው እንዲህ ያለ ቤት ሲመጡ አጥሩ ጋ አስቀምጠው ነው የሚመለሱት። በዚያ ቀን ግን ሱዓድ ከነሒናዋ ወጣችና፣ «እማማ፣ የእኔስ የት አለ?» አለቻቸው። ለሙሽራዋ ብለው ለብቻ የሠሯት አንዲት ትንሽ ድስት ነበረች፤ በክዳኗ ዙሪያ የጣታቸውን ጫፍ እያሳረፉ ያስጌጧት። ሱዓድ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። አንዱ እጅ ሒና፣ አንዱ እጅ የደረቀ ጭቃ፣ ድስቷ በመሐል፣ ሁለቱም ሲስቁ ከውሰር አነሳቻቸው።

ያ ፎቶ የአልበሙ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ሆነ። ከውሰር ምንም ጌጥ አላበዛችበትም፤ ከአልበሙ ሁሉ ያማረው ግን እሱ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሱዓድ ታመመች፤ እናቷ ቤት ወስደው አስተኟት። አንዴ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዴ ትግላለች፣ ከዚያ ትቃዣለች። በኅዳር ጨፋ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደያዘው ማንም ያውቃል። ውሃው ገና ከማሳው አልጠፋም፤ ትንኙ እንደ ጉድ ነው። የታመመው እረኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወባ ነው ይል ነበር። ሱዓድ ግን ገና በሦስተኛ ሳምንቷ ያለች ሙሽራ ናት፤ ለሙሽራ ደግሞ ወባ ያንስባታል። በቅዠቷ መሐል፣ «ድስቴን… እማማ ድስቴን» አለች። በእኛ አገር የተበላ ሰው የበላውን ሰው ይለፈልፋል ይባላል። በቃ፤ ሌላ ምስክር አልተፈለገም።

ወንድሟ አብዱልጀባር የእማማ ረቢአን ቀሚስ ጫፍ ሊቆርጥ መንደራቸው ድረስ ሄደ። እሳቸው ባቲ ገበያ ናቸው፤ ቤቱ ተዘግቷል። ባዶ እጁን ቢመለስ ሱዓድን ያጥኗት የነበሩት መድኃኒት አዋቂ፣ «ልብሷ ከጠፋ መልኳም ይሆናል» አሉት። እሳቸውም ዘመናዊ ሆነዋል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘምዘምና አብዱልጀባር ወደ እኛ ክፍል ገቡ። ሁዳ ከኋላቸው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ ዘምዘም በሦስት ቀን ውስጥ አርጅተዋል። ከውሰር ብድግ ብላ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ሱዓድ እንዴት አደረች፣ እትዬ ዘምዘም?»

«ምኗን አደረች፤ ልጄ እየሄደችብኝ ነው።»

አብዱልጀባር አልተቀመጠም። «አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ክፈቺው» አላት። «ሴትዮዋን ለብቻዋ ቆርጠሽ አትሚልን። ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም። ከአልበሙ ደግሞ አጥፊያት፤ በቦታዋ አጥሩን አድርጊበት። ትችይበት የለም?»

«ለብቻዋ ለምን ፈለጋችኋት?» ከውሰር የምትጠይቀው እያወቀች ነው።

«ለማጠኛ።»

ፎቶው ተከፍቶ ነበር። ሁላችንም አየነው። እማማ ረቢአ ከስክሪኑ ላይ ይስቃሉ።

እትዬ ዘምዘም የከውሰርን እጅ ያዙ። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እናትሽን አልሰደብኩም። ጠብ ፈልጌም አልመጣሁም። ወላሂ ለልመና ነው የመጣሁት። ልጄን ልቀቁልኝ።»

ስድብ ቢሆን ኖሮ ከውሰር መልስ አታጣም ነበር። ይህ ግን እናት ናት፣ የምታለቅስ፣ እጇን የያዘች። ነገሩ ደግሞ ግልጽ ነበር። ፎቶዋን ቆርጣ ከሰጠች፣ እናቴ በልታታለች ብላ በገዛ እጇ እንደ መፈረም ነው። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ሕፃን ባሳለ ቁጥር እማማ ረቢአ ደጅ ላይ ምላጭ ይዞ የሚቆም አይጠፋም። ካልሰጠችና ሱዓድ ከሞተች ደግሞ፣ ልቀቁ ተብለው እንቢ ያሉ ገዳዮች ይባላሉ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ቆርጬ እሰጥ ነበር። ፈሪ ነኝና።

ከውሰር እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «እትዬ ዘምዘም፣ እናቴን አልቆርጣትም። ከአልበሙም አላጠፋትም።»

«እህቴ ብትሞት» አለ አብዱልጀባር፣ «እወቂው፣ ደሟ በእናንተ ላይ ነው።»

«ደሟን ማን እንደመጠጠው ለማወቅ ከፈለጋችሁ በደሟ ውስጥ ፈልጉት። ጤና ጣቢያው እዚሁ ነው። ጣቷን ወግተው አንዲት ጠብታ ናት የሚወስዱት። እዚያች ጠብታ ውስጥ እናቴን ካገኟት ተመለሱና እኔን ራሴን አጭሱኝ።»

«አንቺን እኮ ሰው ብለን ነው ሥራ የሰጠንሽ።»

«ሥራ የሰጣችሁኝ ስለምችልበት ነው» አለች። «ሰውማ ድሮም ነበርኩ።»

አብዱልጀባር እናቱን ደግፎ ወጣ። ሁዳ ግን በሩ ላይ ቀረች። ከንፈሯ ደርቋል። «ወባ ነው ብለሽ ነው?» አለቻት።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አላውቅም። አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ። ፎቶ ስታጨሺ እህትሽ ብታልፍብሽ ለራስሽ ምን ትያለሽ?»

ሁዳ ስልኳን አወጣችና የሱዓድ ባል ኸይሩ ጋ ደወለች። ባጃጅ የጠራሁላት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን የሠራሁት ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነው። እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ ተኝተው ቢከለክሉትም፣ ኸይሩ ሚስቱን በጋቢ ጠቅልሎ በላያቸው ተሻግሮ አወጣት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጣቷን ወጓት። ወባ ነበር፤ ክፉኛ የጠና ወባ። አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አሏቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ሰው አይቶ ያምን ነበር፣ እኔም ዝም እል ነበር። ግን ባጃጁ ከመድረሱ በፊት እቤት ውስጥ ሌላ ነገር ተሠርቶ ኖሯል። ፎቶው ሲከለከል አብዱልጀባር ያቺን የሱዓድን ድስት ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበራት፤ ስባሪ ገሏን ፍም ላይ አድርገው ሱዓድን አጠኗት። ሱዓድ በአምስተኛው ቀን ተነሳች። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ነው አለ፤ ከተማው ገሉ ነው አለ። ከተማውን ማን ይረታዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከበዱ። እማማ ረቢአ የሚያወርዱት ድስት ሳይሸጥ መመለስ ጀመረ። ወደ እኛ ክፍልም አንዳንድ እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና እኔ ጋ ትመጣና ስልኳን እያስጠገነች ዓይኗ ከውሰር ላይ ይሆናል። አንዷን፣ «ሸፋፍነሽ ከምትጨነቂ ሌላ ስልክ ጠጋኝ ፈልጊ» ብዬ አባረርኳት። ደንበኛ ሳባርር የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

አብዱልጀባር መልእክት ላከ፤ ሴትዮዋ ያለችበት ገጽ ይውጣና አልበሙን እንውሰድ የሚል። ከውሰር፣ «ከነገጹ ከሆነ ይውሰድ፤ ያለዚያ እዚሁ ይቀመጥ» ብላ መለሰች። አልበሙ ተጠርዞ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አለ። አቧራ እንዳይጠጣ በየጠዋቱ ትወለውለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ የሁዳን ኪት ከፍታ እየሠራች አገኘኋት። ጥቁሩን ዳንቴል ዙሪያውን አነጠፈች። የተቀደደውን ቀይ ከፋይ፣ የዛገውን ቁልፍ፣ ሁለት የሌሊት ወፍ አደረገች። ባዶውን መስተዋት በመሐል አቆመችና እናቷን አስገባችበት። የሱዓድን ፊት ግን አወጣችው።

«የሰው ሚስት ሳላስፈቅድ መስኮት ላይ አልሰቅልም» አለች።

ከሱዓድ የቀሩት ድስቷን ከወዲያ በኩል የያዙት ሒና ያለባቸው እጆቿ ብቻ ናቸው። ታች ጥጉ ላይ ያቺን አረንጓዴ እራፊ ለጠፈችና በላይዋ ላይ «ደም መጣጭ በፎቶ አይወጣም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ከእናቷ ራስ በላይ፣ በሕፃናት ፎቶ ላይ በምትጽፍበት በዚያው ወርቃማ ፊደል፣ «ማሻአላህ» አለች። ማተሚያው በሚችለው ልክ ትልቅ አድርጋ አትማ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ላይ ለጠፈችው።

«መስኮቱን ይሰብሩታል» አልኳት።

«ይስበሩት፤ ፋይሉ አለኝ።»

አልሰበሩትም። ግን ያልቆመ ሰው አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎቹ በየተራ ያነቡታል። ተማሪዎች ደም መጣጩ ለምን በፎቶ እንደማይወጣ ይጠይቃሉ፤ ከውሰርም ሥራዋን አቁማ ስለ ባለ ግንቡ፣ ስለ መስተዋቱ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ታስረዳቸዋለች። የሚስቁ አሉ፤ መሬት ላይ እንትፍ ብለው የሚያልፉም አሉ። አንድ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ጭቃ ተለጥፎበት አገኘነው። እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት እሷ ጨርቅ አርጥባ መጣች። «ተወው፤ ጭቃ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም» አለች። አዲስ ባይሆንም ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እየወለወለች ጀርባዋን ስታዞርብኝ እያለቀሰች መሆኑን አወቅሁ።

በሁለተኛው ወር፣ በገበያ ቀን፣ እማማ ረቢአ መጡ። ያልተሸጡ ድስቶቻቸውን በራፉ ላይ አስቀምጠው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። ማንበብ አይችሉም። እኔ ምሳዬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ሲገቡ ሳህኑን አዩና ፊታቸውን ቶሎ ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሰው በምግቡ እንዳይሰጋ ብለው ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያደርጉት።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ይቀመጡና ቢስሚላህ ይበሉ። ካልበሉ እኔም አልበላም።»

ልጃቸውን አዩዋት። እሷ ውሃ አምጥታ አስታጠበቻቸው። ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጉርሻ በሉ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ከራሴ በላይ ያለው ምን ይላል?» አሉ።

«ማሻአላህ ነው የሚለው፣ እማ።»

«እሱስ የልጅ አይደለም እንዴ? እኔን አሮጊቷን ምን ሊያደርግልኝ ነው።»

«ዓይን ለሚፈራለት ሰው ነው» አለች ከውሰር። «ካንቺ በላይ ዓይን የበላው ሰው አላውቅም።»

እማማ ረቢአ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

በዚህ መሐል በሩ ጨለም አለ። ሱዓድ ናት። ከሕመሟ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ከስታለች፣ ግን በእግሯ ነው የመጣችው፤ ብቻዋን። ከመግባቷ በፊት ከመስኮቱ ፊት ቆማ በድስቱ ላይ ያሉትን እጆች አየቻቸው፤ ከዚያ የራሷን እጅ አየች። ገበያተኛው ቆሞ ያያታል። አብዱልጀባርም ከማዶ ከባጃጆቹ መሐል ቆሟል።

«አልበሜን ልወስድ ነው» አለች።

ከውሰር ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻት። ሱዓድ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ማንም አልጎደለም። ዘጋችውና በብብቷ ያዘችው። ከዚያ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ መንገዱ ሁሉ እያየ፣ ዝቅ ብላ የእማማ ረቢአን ትከሻ ሳመች።

«እማማ፣ ድስቴን ሰብረውብኛል። ሌላ ይሥሩልኝ።»

«ለስንት ሰው ይሁንልሽ?» አሉ እማማ ረቢአ፤ ሥራ ሲታዘዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

«ለአሁኑ ለሁለት።»

«እኔ ሰፋ አደርገዋለሁ፤ ኢንሻአላህ ትበዛላችሁ።»

የእኔ አፍ አያርፍም። «ይሄኛውንም ቢሰብሩትስ፣ እማማ?» አልኳቸው።

እማማ ረቢአ ከማዶ የቆመውን አብዱልጀባርን በቀጥታ አዩት። እሳቸው ሰው በቀጥታ ሲያዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ እሱ ነው ያቀረቀረው።

«ይስበሩታ» አሉ። «ሌላ እሠራለሁ። የቦርከና ጭቃ እንደሆነ አላለቀም።»